ከጣሪያ እስከ ፍሪጅ፦ የካምፕ መኪና የሶላርና የባትሪ ገጠማ፣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1። ሒሳብ

የሚፈለገው ይሄ ነው፦ ፎር ዊል መኪናው ሞተሩ ሳይነሣ አንድ ቦታ ሦስት ቀን ቢቆም ፍሪጁ እንዳይጠፋ፣ መብራትና ስልክም እንዳይቸግር። ምግብ ማብሰልና ውኃ ማፍላት በጋዝ ይቀጥላል። 1000 ዋት ማንቆርቆሪያ በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል እንደ ቤት መብራት የሚያደርግ ዕቃ) ከ12 ቮልት ባትሪ 90 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ለእሱ ሲባል ኬብሉ፣ ፊውዙና ባትሪው ሁሉ ማደግ ሊኖርበት ነው። አያዋጣም።

ፓነል ከመመረጡ በፊት በቀን የሚበላው ተደመረ። ዋናው በላተኛ ባለ 45 ሊትር ኮምፕሬሰር ፍሪጅ ነው። ሲሠራ በአማካይ 45 ዋት ይወስዳል፤ በሞቃት ቀን ከ24 ሰዓቱ 40 በመቶውን ይሠራል ብለን ስንይዝ 432 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ሁለት ባለ 6 ዋት ኤልኢዲ መብራቶች ለ5 ሰዓት 60፣ ስልኮችና ካሜራ 40፣ ላፕቶፕ በኢንቨርተር ከነብክነቱ 75፣ የውኃ ፓምፕ በቀን ለ12 ደቂቃ 10፣ መቆጣጠሪያዎቹ (ቻርጁን የሚያስተዳድረውና ባትሪውን የሚለካው ዕቃ) ራሳቸው ደግሞ ሌላ 10። ድምር 627። ለ12.8 ቮልት ሲካፈል 49 አምፒር-ሰዓት ነው።

ባትሪ፦ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት። 1280 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ 80 በመቶውን ብንጠቀም 1024፣ ማለትም ፀሐይ ጭራሽ ባትወጣ አንድ ቀን ተኩል ያህል። ተመሳሳዩን በኤጂኤም (የታሸገ የአሲድ ባትሪ) ለማግኘት ከግማሽ በታች እንዳይወርድ 200 አምፒር-ሰዓት ያስፈልግ ነበር፤ ክብደቱ 60 ኪሎ ገደማ ነው፣ ይሄኛው ግን 12። ሌላው ልዩነት ያን ያህል አይወራለትም፦ ኤጂኤም 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ቻርጅ መቀበሉን እያቀዘቀዘ ስለሚሄድ የቀትሩ ፀሐይ ግማሹ ሳይገባ ያልፋል። ሊቲየሙ እስከ መጨረሻው አካባቢ የሰጡትን ይቀበላል።

ፓነል፦ ሁለት ባለ 100 ዋት ሞኖክሪስታሊን። 200 ዋት ሲባዛ በ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ፣ ሲባዛ በ0.7፣ 700 ዋት-ሰዓት። 0.7 የገባው ለሙቀት፣ ለአቧራ፣ ጣሪያ ላይ ጋደም ብሎ ለመቀመጡና ለኬብል ብክነት ነው። የሚተርፈው 70 ብቻ ስለሆነ ጠባብ ነው። ለደመናማ ሳምንት የሞተሩ ቻርጅ ይጨመርበታል፣ ቀን 8 ላይ።

ቀን 2። ባትሪው ቦታውን ያዘ

ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ወለሉ ላይ። ኮፈን ሥር የሚገጥሙ አሉ፤ ለሊቲየም እዚያ አይሆንም፣ የሞተር ሙቀት ሴሎቹን ቶሎ ያስረጃቸዋል። 4 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ሳህን ከላይ፣ ሌላ ከወለሉ ሥር፣ በመሃል አራት ኤም8 ብሎን። በወለሉ ቆርቆሮ ላይ በተራ ሮንዴላ ብቻ የታሰረ ባትሪ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች በኋላ ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። ሁለት ማሰሪያ ቀበቶ ተደረገ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል።

ዋናው ፊውዝ 100 አምፒር ክላስ ቲ፣ ከፖዘቲቭ ፖሉ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ። ፊውዝ የሚጠብቀው ኬብሉን ነው፣ ዕቃውን አይደለም፤ ስለዚህ ቦታው የኃይሉ ምንጭ አጠገብ ነው። ከፖሉ እስከ ፊውዙ ያለው ኬብል ጠባቂ የለውም፣ በአጠረ ቁጥር ይሻላል። እዚህ ላይ ርካሽ ፊውዝ አይገባም። ሊቲየም ሾርት ሲያደርግ የሚለቀው ጅረት በሺዎች አምፒር የሚቆጠር ስለሆነ ደካማ ፊውዝ ከቀለጠ በኋላም ብልጭታው በክፍተቱ ላይ እየነደደ ሊቀጥል ይችላል።

ለብርድ፦ ይህ ዓይነት ባትሪ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ሊቲየሙ አኖዱ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፍና ሴሉ ይበላሻል። የውስጥ ቢኤምኤሱ (ሴሎቹን የሚጠብቀው የባትሪው ኤሌክትሮኒክስ) የቅዝቃዜ መቁረጫ እንዳለው ከመመሪያው ተረጋግጧል። ሁሉም የላቸውም፤ ካርቶኑ ላይ «ቢኤምኤስ ያለው» መባሉ ብቻ አይበቃም።

ቀን 3 እና 4። ኬብል

ሁለት ቀን የፈጀው ይህ ክፍል ነው፣ ሲያንስ ነው። ካምፕ ላይ «ባትሪው ደከመ» ከሚባለው ብዙው የኬብል ጣጣ ነው።

ቀመሩ አንድ መስመር ነው፦ 0.0175 ሲባዛ በኬብሉ የደርሶ መልስ ርዝመት በሜትር፣ ሲካፈል ለመዳቡ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር፤ የሚወጣው ኦም ነው። ያንን በአምፒር ማባዛት የሚጠፋውን ቮልት ይሰጣል። ደርሶ መልስ የሚለው ይሠመርበት፤ ፖዘቲቩን ብቻ የሚለካ ሰው ግማሹን ብክነት ይረሳል።

ከፓነሎቹ እስከ ቻርጅ መቆጣጠሪያው 4 ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 8። በባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር 0.023 ኦም፣ በ9.8 አምፒር 0.23 ቮልት ይጠፋል፤ ከ20.4 ቮልት ላይ አንድ በመቶ ገደማ ነው፣ ይሁን። በባለ 2.5 ቢሆን 0.55 ቮልት ነበር። ከባትሪ እስከ ማከፋፈያ ሳጥኑ ባለ 25፣ ግማሽ ሜትር ብቻ።

ስለ ኬብል ግዢ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም። ከውጭ መዳብ ይመስላል፣ ክሩን በቢላ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ነው፣ ጥቅልሉም ሲያነሡት ይቀላል። ለተመሳሳይ ውፍረት ብክነቱ ከመዳቡ አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል፣ ጫፉም ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ይላላል። ሁለተኛው፣ አንዳንድ የመኪና ኬብል ላይ «6 ሚሊ ሜትር» የሚለው ፕላስቲኩን ጨምሮ የውጭ ውፍረት ነው። ውስጡ ያለው መዳብ ከ5 ካሬ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሊሆን ይችላል። «ካሬ» የሚል ቃል ካልተጻፈበት ይለካ።

ጫፎቹ ሁሉ በካፓኮርዳ (ኬብሉ ጫፍ ላይ የሚገባ የመዳብ ጆሮ) ተጨመቁ፣ በሊድ አልተበየዱም። ሊድ በክሮቹ መሃል ወደ ላይ ስለሚሳብ ኬብሉ የሚደርቅበትና የሚለሰልስበት ድንበር ይፈጠራል፤ መኪና ሲንቀጠቀጥ ኬብሉ የሚቆረጠው እዚያ ላይ ነው። ለባለ 16 እና ለባለ 25 ሃይድሮሊክ መጨመቂያ፣ ከላዩ ውስጡ ሙጫ ያለበት ሂት ሽሪንክ (ሲሞቅ የሚጨማደድ ፕላስቲክ ቱቦ)። እያንዳንዱ ጫፍ በሙሉ ጉልበት ተጎተተ። ከ22 አንዱ ወጣ፦ ባለ 6 ኬብል ለባለ 10 በተሠራ ካፓኮርዳ ገብቶ ነበር። በዓይን አይታይም ነበር።

ሻንሲውን እንደ ኔጋቲቭ መመለሻ መጠቀም ቀረ። ኬብል ይቆጥባል፣ ግን ዝገትና ቀለም ባለበት ብሎን ሁሉ የሚጠፋው ቮልት በወራት ውስጥ ይጨምራል፣ ሲበላሽም ቦታው አይገኝም። ለሁሉም የራሱ ኔጋቲቭ ተዘረጋ።

ቀን 5። ጣሪያ

ፓነሎቹ ፖርቶመጋላው ላይ፣ ከጣሪያው 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው። ክፍተቱ ለአየር ነው። ሴሉ 65 ዲግሪ ቢደርስ፣ ከ25 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ 200 ዋቱ ወደ 170 ይወርዳል። ጣሪያው ላይ በሙጫ የተለጠፈ ተጣጣፊ ፓነል ከዚህም ይብሳል። ብሎኖቹ ኤም6 የማይዝጉ፣ ዳዶዎቹ ናይለን ያለባቸው።

ተከታታይ ወይስ ትይዩ? በተከታታይ ቮልቱ እጥፍ፣ አምፒሩ ግማሽ ስለሚሆን ኬብሉ ይደሰታል። ግን ካምፕ የሚተከለው ዛፍ ሥር ነው። በተከታታይ የአንዱ ፓነል ጥላ ሌላውንም ይዞት ሊወርድ ይችላል፣ በትይዩ ግን ጥላ ያላረፈበት የራሱን ይሰጣል። ስለዚህ ትይዩ። ሁለት ፓነል ብቻ ስለሆነ ለየብቻ ፊውዝ አያስፈልጋቸውም፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ቢሆን ያስፈልግ ነበር፣ የሁለቱ ጅረት ተደምሮ ወደ ተበላሸው ሦስተኛ ሊፈስ ስለሚችል።

ተከታታይ ለሚመርጥ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ፓነሎች ጭነት ሳይኖርባቸው 24.3 ቮልት ናቸው፣ ሁለቱ 48.6። ውጭው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ ፀሐይ ስትወጣ 53 ያልፋል። ባለ 50 ቮልት መቆጣጠሪያ የሚቃጠለው እንዲህ ባለ ብርዳማ ጠዋት ነው።

የኤምሲ4 ጫፎች (የፓነል ኬብል መሰኪያዎች) በራሳቸው ፒንሳ ተጨመቁ። ወንዱና ሴቷ ከአንድ ፋብሪካ ናቸው፤ የተለያዩ ፋብሪካዎች ጫፎች ጠቅ ብለው ይገባሉ፣ ውስጣቸው ግን በደንብ ስለማይነካካ ይግላሉ። ኬብሉ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲንጠለጠል ተደርጓል፣ ዝናቡ ቀዳዳው ጋ ሳይደርስ እዚያ ይንጠባጠባል።

በቀትር ሲለካ፦ ያለ ጭነት 22.4 ቮልት፣ ሾርት ተደርጎ ከእያንዳንዱ 4.7 አምፒር። ለፓነል ሾርት አይጎዳውም። ሁለቱ ተቀራራቢ መሆናቸው ነው የሚፈለገው።

ቀን 6። ኃይል ተለቀቀ

ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፦ መጀመሪያ ባትሪ ወደ መቆጣጠሪያው፣ ከዚያ ፓነል። ሲፈታ በተቃራኒው። ባትሪ ሳያይ ፓነል የተሰጠው መቆጣጠሪያ ሥርዓቱ ስንት ቮልት እንደሆነ ሊሳሳት ወይም ሊጎዳ ይችላል። ፓነሎቹ ወፍራም ጨርቅ ለብሰው ቆዩ። ኤምሲ4 ኃይል እያለፈበት ሲነቀል ብልጭታው ጫፉን ይበላዋል።

መቆጣጠሪያው ባለ 20 አምፒር ኤምፒፒቲ፣ ማለትም ፓነሉን ብዙ ኃይል በሚሰጥበት ቮልት የሚያሠራ ዓይነት። ርካሹ ፒደብሊውኤም ፓነሉን ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ያወርደዋል፤ 20 ቮልት ላይ መሥራት የሚችል ፓነል በ13.3 ሲሠራ ሲሶው ይባክናል። ቅንብሩ፦ ቻርጅ 14.2 ቮልት፣ ፍሎት (ከሞላ በኋላ የሚያቆየው ቮልት) 13.5፣ የሙቀት ማካካሻ ዜሮ፣ ኢኳላይዜሽን ጠፍቷል። ኢኳላይዜሽን ለአሲድ ባትሪ የተሠራ ነው፤ ሳይጠፋ ከቀረ ቮልቱን ወደ 15 እና ከዚያ በላይ ይሰቅለዋል፣ ቢኤምኤሱም ባትሪውን ይዘጋዋል።

ከሰዓት 7፡00 አካባቢ 148 ዋት። የጄሪካኑ ጥላ የአንዱን ፓነል ጥግ ሲነካ 86። አንድ ክንድ የማይሞላ ጥላ 62 ዋት ወሰደ! ጄሪካኑ ወደ ኋላ በር ተዛወረ።

ቀን 8። የሞተሩ ቻርጅ

ባለ 30 አምፒር ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር፣ ከሞተሩ በኩል የሚመጣውን ቮልት አስተካክሎ የኋላውን ባትሪ የሚሞላ። ባትሪውን ከአልተርኔተሩ (ሞተሩ የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ) ጋር በሪሌ ብቻ ማገናኘት ለአሲድ ባትሪ ይሠራ ነበር። ሊቲየም ውስጣዊ ተቃውሞው ትንሽ ስለሆነ አልተርኔተሩ የሚችለውን ሁሉ ይጎትታል፤ መኪናው ቆሞ በዝግታ ሲዞር ደግሞ የአልተርኔተሩ ማራገቢያም ስለሚዳከም ሊቃጠል ይችላል። በተጨማሪ አዳዲስ መኪኖች የአልተርኔተሩን ቮልት በኮምፒውተር እያወረዱ ነዳጅ ስለሚቆጥቡ፣ የሚሰጡት ቮልት ብዙ ጊዜ ባትሪውን አይሞላም። ለእነዚህ ቻርጀሩ ከቁልፉ መስመር ምልክት ይፈልጋል፣ ቮልት ብቻ አይቶ አይነሣም።

30 አምፒር ለማውጣት ከፊት ወደ 35 ይስባል። 5 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 10፦ በባለ 10 የሚጠፋው 0.61 ቮልት፣ በባለ 16 ደግሞ 0.38። ባለ 16 ተዘረጋ፣ 60 አምፒር ፊውዝ የሞተሩ ባትሪ አጠገብ፣ ሌላ 40 ደግሞ ከቻርጀሩ መውጫ በኋላ የኋላው ባትሪ በኩል። ሁለቱም ጫፍ ባትሪ አለው፣ ሁለቱም ጫፍ ፊውዝ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ቻርጀሩ ከጎን ፕላስቲኩ ጀርባ ተደብቆ ነበር፤ ያምራል። ከ40 ደቂቃ መንዳት በኋላ ከ30 ወደ 18 አምፒር ወረደ። ሲግል ራሱን ዝቅ ያደርጋል። የማቀዝቀዣ ክንፎቹ ወደ ላይ ቀጥ ብለው አየር ወዳለበት ወጣ፣ አላማረም፣ 29 ላይ ረጋ።

ቀን 10 እስከ 12። ሙከራ በሜዳ

ሁለት ሌሊት፣ ሞተር ሳይነሣ። ሁለት ስሕተት ወጣ።

የመጀመሪያው ፍሪጁ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ኮምፕሬሰሩ ይነሣና ይጠፋል፣ ይነሣና ይጠፋል፣ ስክሪኑም የዝቅተኛ ቮልት ምልክት ያሳያል። ባትሪው ግን 13.1 ቮልት ነው። እዚህ ላይ ፍሪጁን ወይም ባትሪውን መውቀስ ይቀላል። ቴስተር ተይዞ፣ ፍሪጁ እየሠራ እያለ፣ በየደረጃው ተለካ፦ ባትሪው ፖል ላይ 13.10፣ ማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ 13.05፣ ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ጀርባ 12.59፣ ፍሪጁ መግቢያ ላይ 11.76። ጅረቱ 4.9 አምፒር ነበር። የፍሪጁ መቁረጫ 11.8 ላይ ተቀምጧል፤ ሲቆርጥ ጅረቱ ዜሮ ይሆናል፣ በኬብሉ ላይ የሚጠፋ ነገር አይኖርም፣ ቮልቱ ወደ 13 ይመለሳል፣ ፍሪጁ «ባትሪው ደህና ነው» ብሎ ይነሣል፣ እንደገና ይወርዳል። ያለ ጭነት የተለካ ቮልት ይህን በሽታ በጭራሽ አያሳይም።

ጥፋቱ ሁለት ቦታ ነው። መኪናው ይዞት የመጣው ሽቦ ባለ 1.5 ስለሆነ በ8 ሜትር ደርሶ መልስ 0.46 ቮልት ይበላል። የቀረው 0.83 የሚጠፋው ሶኬቱና መሰኪያው በሚነካኩበት ነጥብ ላይ ነው፣ 4 ዋት ሙቀት። መሰኪያው ሲነቀል ጣት አያስቀምጥም ነበር፤ የጫፉ ነጥብ ጠቁሯል፣ የጎን ምላሶቹ ስፕሪንግ ለስልሷል። ይህ ሶኬት ሲጋራ ለመለኮስ ለጥቂት ሰከንድ የተሠራ ነው፣ ሌት ተቀን ለሚሠራ ኮምፕሬሰር አይሆንም።

ሁለተኛው ስሕተት የባትሪውን መጠን የሚያሳየው ሜትር ነው። በሁለተኛው ጠዋት 62 በመቶ ይላል። ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሁሉም ጠፍቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባትሪው 13.0 ቮልት ነው፤ ይህ ለሊቲየም ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። በእርግጥ የሊቲየም ቮልት ከ20 እስከ 80 በመቶ ድረስ ጠፍጣፋ ስለሆነ በቮልት ብቻ መጠኑን መገመት አይቻልም፣ ግን ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሆን አንዱ ይዋሻል። የተገኘው፦ የኢንቨርተሩ ኔጋቲቭ ሻንቱን (ሜትሩ ጅረቱን የሚለካበት ዕቃ) ዘሎ በቀጥታ ባትሪው ፖል ላይ ታስሯል። ሻንት የሚቆጥረው በእሱ በኩል ያለፈውን ብቻ ነው። ላፕቶፑ 20 አምፒር-ሰዓት ገደማ፣ ሌሊቱን ሳይጠፋ ያደረው ኢንቨርተር ደግሞ ባዶውን 0.7 አምፒር እየበላ ሌላ 10፤ ሜትሩ ይህን ሁሉ አላየም።

ቀን 13። ጥገና

ከማከፋፈያ ሳጥኑ እስከ ፍሪጁ አዲስ ባለ 6 ኬብል፣ 15 አምፒር ፊውዝ፣ ጫፉ ላይ ባለ 50 አምፒር አንደርሰን (ለከባድ ጅረት የተሠራ መሰኪያ)። ፍሪጁ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ባትሪው ላይ 13.08፣ ፍሪጁ ላይ 12.91። ጅረቱም ወደ 4.5 ወረደ፤ ኮምፕሬሰሩ የሚፈልገው ዋት ስለሆነ ቮልቱ ሲሻሻል አምፒሩ ይቀንሳል። የፍሪጁ መቁረጫም ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ተቀየረ። ከፍተኛው ደረጃ የሞተሩን ባትሪ ለመጠበቅ ነው፣ እዚህ ያን ሥራ ቢኤምኤሱ ይሠራዋል።

ባትሪው ኔጋቲቭ ፖል ላይ አሁን አንድ ኬብል ብቻ አለ፣ ወደ ሻንቱ የሚሄደው። ሁለተኛ ኬብል እዚያ ከታየ ስሕተት ነው። ሜትሩ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ወደ 100 ተመለሰ። ላፕቶፑ በ65 ዋት ዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር ከ12 ቮልት በቀጥታ ሆነ፣ ኢንቨርተሩ ማብሪያው የሚታይ ቦታ ላይ መጣ።

ቀን 16። ከ300 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች በኋላ

ሁሉም ብሎን በቁልፍ ተነካ። ሻንቱ ላይ ያለ አንድ ዳዶ ሩብ ዙር ላልቷል፣ ስፕሪንግ ሮንዴላ ተረስቶ ነበር። የፓነል ብሎኖች አልተንቀሳቀሱም። የፍሪጁ ኬብል ከኋላ በር ማጠፊያ አጠገብ ፕላስቲኩ መፋቅ ጀምሯል፣ መዳቡ ገና አልታየም፤ ፍሌክሲብል ቱቦ ለበሰና በየ20 ሳንቲ ሜትር ታሰረ። ቻርጅ በሙሉ ኃይል እየገባ እያለ ፊውዞቹ በእጅ ጀርባ ተዳሰሱ፦ ከፊት ያለው የ60 አምፒር መያዣ ከሌሎቹ ይሞቃል። ሲፈታ ከካፓኮርዳው ሥር ሮንዴላ ገብቶበታል፤ ጅረቱ በብረት ሮንዴላው በኩል እያለፈ ነበር። ካፓኮርዳው መዳብ ለመዳብ ተቀመጠ፣ ሮንዴላው ከላይ።

ያልተሠራ፦ ለዛፍ ሥር ካምፕ የሚሆን ባለ 100 ዋት ታጣፊ ፓነል ከ8 ሜትር ገመድ ጋር። አሁን ባለው መቆጣጠሪያ ላይ ይጨመራል፣ 20 አምፒሩ በ14.2 ቮልት እስከ 280 ዋት ስለሚያሳልፍ ሦስቱ ከሚሰጡት ጋር ይበቃል፤ ግን ፓነሎቹ ሦስት ስለሚሆኑ ለእያንዳንዳቸው የመስመር ፊውዝ መታዘዝ አለበት።